ፖለቲካና ኮረንቲ፦ የሀዋሳ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆች እንሰባሰባለን። ስም የለንም፣ ማህተምም የለንም። አንዳንዴ ሐይቁ ዳር፣ አንዳንዴ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ። ወሬው ከኳስ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ ቀበሌ ላይ ያርፋል። ደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። መልሶቹ የኔ ናቸው። ሕግ ያነሳሁበት ቦታ ቁጥሩን ጠቅሻለሁ፤ ሄዳችሁ ራሳችሁ እንድታነቡት ብዬ ነው።

እናቴ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ትለኛለች። ተሳስታለች?

አልተሳሳተችም። አባባሉ ከሜዳ አልተለቀመም። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ተሰለፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ያው ትውልድ በቀይ ሽብር አለቀ። ልጆቻቸውን በየመንገዱ የፈለጉ እናቶች ናቸው ያሳደጉን፤ ወይም እነሱ ያሳደጓቸው ናቸው። እዚሁ ቅርባችንም አለ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ሎቄ ላይ፣ የሀዋሳን የአስተዳደር ጉዳይ ይዘው ሰልፍ የወጡ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። የሀዋሳ እናት «ልጄ ተው» ስትል ከዚህ ተነስታ ነው።

ስለዚህ አትከራከሯት። ግን ኮረንቲው ቤት ውስጥ ገብቷል። የባጃጅ መስመር ሲቀየር፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ሼድ ለማን እንደሚሰጥ ሲወሰን፣ የሆነ ሰው የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እጁን አውጥቷል። እኛ ስላልሄድን ስብሰባው አልቀረም።

ጎረቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቀኑን ሙሉ ከሽቦ ጋር ይውላል። ከመንካቱ በፊት ግን ቆጣሪውን ያጠፋል፣ በቴስተር ይሞክራል፣ የቆመበትን ያያል። ከዚህ በታች የጻፍኩት አብዛኛው ስለ ቴስተሩ ነው።

16 ዓመቴ ነው። ወጣት ነኝ ወይስ ልጅ?

በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። የኛ ቀበሌ ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ የልጅ አባት የሆኑ «የወጣት ተወካዮች» አይተናል። በ16 ዓመት ድምፅ መስጠት አይቻልም። የተማሪዎች ፓርላማ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሰፈር ደብዳቤ ማርቀቅ ግን ክፍት ነው። ባይሆን ፊርማ ስታሰባስቡ ትልልቆቹን አስቀድሙ፤ የልጅ ፊርማ ብቻ ከሆነ «የተማሪ ጨዋታ ነው» ብለው ይተዉታል።

ፓርቲ ሳልገባ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። እኔ እስከዛሬ የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም። የተማርኩትን የተማርኩት ከመንገድ መብራት ነው።

ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን በሚገባው ኮብል ላይ 5 አምፖሎች ነበሩ። አንድ በአንድ ጠፉ። ከማታ ሺፍት የሚመለሱት ልጆች ስልካቸውን በሞተር ይነጠቁ ጀመር። መጀመሪያ ሄደን በቃል ነገርን። «እናየዋለን» ተባልን። ሁለት ወር «እናየዋለን» ሆኖ አለፈ። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍን፣ የሰፈሩን ሰው አስፈረምን፣ ለአንድ ሠራተኛ በእጁ ሰጠነው። ደስ ብሎን ወጣን። ሦስት ሳምንት ቆይተን ስንመለስ «ምን ደብዳቤ?» አሉን። የያዝነው ኮፒ የለም። ያ ሁሉ ፊርማ አብሮ ጠፋ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሽዬ አሉ፤ ዕድሜያቸውን መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። ሰሙና ሳቁብን። «ለሰው አይሰጥም፤ ለመዝገብ ቤት ነው የሚሰጠው» አሉን። ሁለተኛውን ደብዳቤ እሳቸው አስጻፉን። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ። «ጉዳዩ፦ የጠፉ የመንገድ መብራቶች እንዲጠገኑልን ስለመጠየቅ» ብቻ። ስለ ውሃውም ስለ ቱቦውም መጨመር ፈልገን ነበር፤ ከለከሉን። «ሦስት ነገር ከጠየቃችሁ ቀላሉን መርጠው መለሱ ይባላል» አሉ። ታች ላይ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው፣ ግልባጭ ለምክር ቤት አባላችን። በሁለት ኮፒ ወስደን አንዱን አስገባን፤ በኛ ኮፒ ላይ ማህተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር አስመታን።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ስናደርግ ያው ሰውዬ ወንበር ሳበልን። የጮኸ ሰው አልነበረም። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ሲጠፋ ጥፋተኛ ይኖረዋል።

ሕጉንም ማወቅ አይጎዳም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሰብሰብና ሰልፍ ብቻ ሳይሆን አቤቱታ ማቅረብንም መብት ያደርጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ከዚያ ካላለቀ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ሥራው ይኸው የአስተዳደር በደል ነው። እነሱም ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያስገባችሁበት ወረቀት የታለ?» ብለው ነው።

ስብሰባ ተጠራን። ብንሄድ ምን እናገኛለን? አበል አለው?

የሚገርመው የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አበሉ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ውሃ ከተሰጣችሁ ተመስገን ነው።

መሄዱ ግን ይጠቅማል፤ አጀንዳውን ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ። ያለ አጀንዳ የሄደ ሰው አጨብጭቦ ይመለሳል። መድረኩ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሪፖርት ይነበባል፤ ለሕዝብ ጥያቄ የሚተርፈው የመጨረሻዋ ጥቂት ደቂቃ ናት። ያኔ አምስት ሰው ብቻ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ፊት ተቀመጡ፣ እጃችሁን ቶሎ አውጡ። «በመጀመሪያ ይህንን መድረክ ላዘጋጁልን» የሚለውን ዝለሉት፤ እሱ ብቻ አንድ ደቂቃ ይበላል። ጥያቄያችሁ መልሱ ቀን ወይም ቁጥር የሚሆን ይሁን። «ለወጣቱ ምን ታስቦለታል?» ካላችሁ «ብዙ ታስቧል» ትባላላችሁ። «ዘንድሮ በዚህ ቀበሌ ስንት ሼድ ለስንት ማህበር ተሰጠ?» ካላችሁ ግን ሰውዬው ማስታወሻውን ማገላበጥ ይጀምራል። ቃለ ጉባኤ ማን እንደያዘም እዩ። እኛ አንድ ጊዜ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የኛው ልጅ ነበረች፤ የዚያን ቀን የተናገርነው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተገኘ።

ሊግ፣ ማህበር፣ ፓርቲ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሊግ የፓርቲ ክንፍ ነው። የወጣቶች ሊግ አባል ከሆናችሁ የዚያ ፓርቲ ሰው ናችሁ፤ «እኔ እኮ ለበጎ ፈቃድ ነው የተመዘገብኩት» ማለት አይሠራም። ፎርሙን አንብባችሁ ፈርሙ።

የራሳችሁን ድርጅት ማቋቋም ከፈለጋችሁ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት አምስት ሰው ይበቃል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2001 ሕግ በመብት ጉዳይ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ድርጅት ገንዘቡ 90 በመቶ ከሀገር ውስጥ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ያ ሲነሳ ብዙ በር ተከፈተ። ፓርቲ ማቋቋም ግን ሌላ ዳገት ነው፤ አዋጅ 1162/2011 ለክልል ፓርቲ 4,000፣ ለሀገር አቀፍ ፓርቲ 10,000 መሥራች አባላት ጠይቋል።

«ሥራ ለማግኘት ሊግ ልግባ?» የሚለውን በየሳምንቱ እንጠየቃለን። በሕግ የፓርቲ አባልነት የመንግሥት ሥራ መስፈርት አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚወራውን እናንተም እኔም እንሰማለን። የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙን አንብባችሁ ካመናችሁበት ግቡ፤ ገብታችሁም ጠይቁ። ለሥራ ብቻ የገባ ልጅ ሥራውን ሲያጣ ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ይህቺ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት እሷ ናት።

ከ1983 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 3/1983። የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። ሰልፉ ከመደረጉ ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ወረቀቱ ላይ ዓላማው፣ ቦታው፣ የሚያልፍበት መንገድ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የአዘጋጆቹ ስምና አድራሻ ይሰፍራል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ቀን ማለት ይችላል። «በየትኛውም ቦታ፣ በየትኛውም ጊዜ አይደረግም» ማለት ግን አይችልም። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከኤምባሲ 100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መሬት ላይ «ማሳወቅ» እና «ማስፈቀድ» ከተደበላለቁ ቆይተዋል። ደብዳቤውን አንቀበልም የሚል ቢሮ ያጋጥማል። ያኔ ሁለት ምስክር ይዞ መሄድ፣ በፖስታ በሪኮማንዴ መላክ ይቻላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ደግሞ ይህ መብት ሊገደብ ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን አጣሩ። መልስ ሳይመጣ ሕዝብ ይዞ መውጣት አለብን ለሚሉ ጓደኞቼ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ድንጋይ የሚወረውር አንድ ልጅ መሃላችሁ ቢገባ ማን ያስቆመዋል? ስሙን ካልነገራችሁኝ አልተዘጋጃችሁም።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ብጽፍ ምን ይመጣብኛል?

በአዋጅ 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ወንጀል ናቸው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት። ተከታይ መብዛቱ የሚያስደስተው እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

«ከንቲባው ሥራውን አልሠራም» ማለት ጥላቻ አይደለም፤ ወቀሳ ነው። «እነዚህ ሰዎች» ብሎ አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ መጥራት ሲጀመር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ፌክ አካውንት ይሸፍነናል ብላችሁም አትመኑ። በጥድፊያ ሼር የምትደረግ ፎቶ ደግሞ የሌላ ሀገር፣ የሌላ ዓመት ሆና ትገኛለች። የሰፈራችን ግሩፕ ላይ አንድ ደንብ አለን፦ ፎቶ የለጠፈ ሰው መቼና የት እንደሆነ ይጽፋል፤ ካልጻፈ ይነሳል። ተጣልተንበታል፣ ግን ጠቅሞናል።

ለመምረጥና ለመወዳደር ምን ያስፈልጋል?

ለመምረጥ 18 ዓመት እና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር። ለመወዳደር 21። ለትምህርት ሀዋሳ የመጣችሁ ስድስቷን ወር ቁጠሩ። የምርጫ ካርድ ሳይወስዱ ቀርተው በምርጫው ቀን የሚያማርሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ምዝገባው ሳምንታት ሲቆይ የት ነበራችሁ እላቸዋለሁ። አሁንም ያኮርፉኛል።

ከሲዳማ ወጣቶች ንቅናቄ፣ ከኤጄቶ፣ ምን እንማራለን?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ጠረጴዛው ዝም ይላል። እዚህ ከተማ ሁሉም የራሱ ትዝታ አለው።

የክልልነት ጥያቄው ከኤጄቶ በፊትም ነበረ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ጥያቄውን አሳለፈ። አንቀጹ ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ ይደራጃል ይላል። ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ዓመቱ እየሞላ መጣ። 11፣ 11፣ 11 የተባለችው ሐምሌ 11 ቀን 2011 የመጣችው ከዚህ ነው። ጥያቄውን ቀበሌ ለቀበሌ ያዳረሱት፣ ጎዳናውን የሞሉት ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ሳምንት ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ተቃጠለ። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። የሱቁን በር ዘግቶ ቤት የዋለው ሰውም የዚህ ታሪክ አካል ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ደግሞ ሰው ገና ሳይነጋ ተሰለፈ። ሻፌታ ለክልልነት፣ ጎጆ ከነበረው ክልል ጋር ለመቀጠል። የተመዘገበው ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበር። 98.51 በመቶ ሻፌታን መረጠ። በሰኔ 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ያቺ የኅዳር ቀን በሰላም ነው ያለፈችው።

እኔ ሁለቱንም ቀናት አብሬ ነው የማስታውሳቸው። ወጣቱ አጀንዳውን ወደ ፊት እንዳመጣው መካድ አይቻልም። በዚያች የሐምሌ ሳምንት የሞተ ሰው ቤት ሄዶ «ዋጋ ተከፍሎበታል» ማለት ግን ለኔ ይከብደኛል። የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ ሒሳቡን እኛ ልንዘጋለት አንችልም።

ሲዳምኛ አልችልም። ሀዋሳ ላይ ድምፅ አለኝ?

አላችሁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። በከተማው መንገድ ላይ ግን አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛም ትሰማላችሁ። እኛ ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ እናስገባለን፤ የሚተረጉም ልጅ አይጠፋም። ቋንቋውንም ተማሩ ባይ ነኝ። ለፖለቲካ ሳይሆን ለመስማት። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚሉት ሸንጎ ላይ ከመወሰናቸው በፊት «አፊኒ» ይላሉ፤ በግርድፉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ነገር አይቆረጥም። ይህቺን ቃል የኛ ቅዳሜ ስብሰባ ላይም አስገብተናታል፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው «አፊኒ!» ይለዋል፣ ሳቅ ይሆናል፣ ነገሩ ይበርዳል።

ሴት ነኝ። ስብሰባው ማታ ነው፣ ቤት ደግሞ ሥራ አለ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 መጨረሻ ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከተማዋን ሞሉ። አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ማታ መንገድ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ስብሰባው ማታ ካልሆነ ረቡዕ ጠዋት ይጠራና እነሱ ማሽን ላይ ይሆናሉ። የመብራቱን ደብዳቤ ስናረቅ እኛ ወንዶቹ የጻፍነው «ጨለማ ስለሆነ» የሚል ነበር። አንዷ ልጅ ቀማችንና «ማታ 4 ሰዓት ከሰርቪስ ወርደን እስከ ቤታችን በእግር ስለምንሄድ» ብላ ጻፈችበት። ደብዳቤው ያኔ ነው ደብዳቤ የሆነው።

ስለዚህ ሰዓቱ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቁ። እሑድ ከሰዓት ይሁን በሉ። እናንተ ወንዶችም ስብሰባ ላይ ሻይ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ።

ቢይዙኝስ?

አትሩጡ፣ አትታገሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል ይላል። ዝም የማለት መብት አላችሁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጠይቋችሁ ይፈቅዳል። ወደ ሰልፍም ሆነ ወደ ስብሰባ ስትሄዱ የት እንደሆናችሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። የእሱን ስልክ በቃላችሁ ያዙ፤ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ላይቆይ ይችላል። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ የተያዛችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ጣቢያ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሀዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ይቀበላል።

እናታችሁም መጀመሪያ ከናንተ ትስማ። ከጎረቤት የሰማች ቀን ነው የምትታመመው።

ይህን ሁሉ አድርጌ ምንም ካልተለወጠስ?

ሊሆን ይችላል። ከ5ቱ አምፖል የበራልን 2 ነው። አንዱ በግ ተራው ጥግ ላይ፣ አንዱ ከኪዮስኩ ፊት ለፊት። መሃሉ አሁንም ጨለማ ነው፤ ልጆቹ ከሰርቪስ ሲወርዱ እስከ ኪዮስኩ ድረስ በስልክ ባትሪ ይሄዳሉ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ማክሰኞ አስገብተናል። ጋሽዬ አብረውን መጡ፣ ከዘራቸውን ይዘው። ገቢ ቁጥሩን እዚያው በር ላይ ቆመው ሁለቴ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ኮፒውን እኔ ጋ ነው የማስቀምጠው፤ እናንተ ትጥላላችሁ» አሉ።